ስለ አያቴ የተናገርኩት መርዶ

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ያን ቀን ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

አያቴ አስካለ ከእኔ ጋር አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ይኖራሉ። ባላቸው ደምሴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ንጉሡን አልክድም ብለው ከሚዋጉት ጋር ወደ ሱዳን ጠረፍ ወጡ፤ ድምፃቸው በዚያው ጠፋ። አያቴ ሌላ ባል እምቢ ብለው ኖሩ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ፈልጊልኝ" አሉኝ። "ሞቶም ከሆነ አልቅሼ ይውጣልኝ።"

የወታደርነት ፎቷቸውን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩ። "የልጃቸው ልጅ ነኝ፤ አባቴ አርፏል፤ የሚያውቃቸው ይደውልልኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ያን እሑድ የደወሉት ራሳቸው ደምሴ ነበሩ፣ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ። ስለ አባቴ አለቀሱ። ከዚያ "አስካለስ አለች?" አሉ። "እኔን ያዘዙኝ ንጉሡና እሷ ብቻ ናቸው!" ትንሽ ሳቁ፤ ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። "ልጄ፣ እዚህ ሚስት አግብቼ ወልጃለሁ። ከሌላ ሰው አትስማው። እኔው ልንገራት፤ ይቅርታ ልጠይቃት። አቅርቢልኝ።"

አያቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ስልኩን ይዤ መግባት ብቻ ነበር።

"አርፈዋል" አልኳቸው በስልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

"በወግ ተቀበረች?"

"አዎ።"

"ሰው መጣ?"

"ብዙ ሰው።"

እኔ በሕይወት ያሉትን ሴት ቀበርኩ። ልባቸው እንዳይሰበር ብዬ ነው? ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እንዲያ ነው። ውሸት ነው። ሲሰሙት ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲያለቅስ ክፍል ለቅቄ እወጣለሁ። እኔ ክፍል ላለመግባት ስል አንድ ሽማግሌ ይቅርታ ሳይጠይቁ ሞቱ። ማረፋቸውን ከወራት በኋላ፣ እዚያ የወለዷት ልጃቸው ከለጠፍኩት ፎቶ ሥር ጽፋ አነበብኩ። አያቴ ዛሬም ይጠብቃሉ። አሁን ብነግራቸው ከመርዶ በቀር ምን እሰጣቸዋለሁ? ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ አልነገርኩም።

ያን እሑድ በደወሉ ማግስት፣ ጠዋት፣ ይህችው ልጃቸው በእሳቸው ስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ሽማግሌው ጋቢ ተከናንበው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቶች ከበዋቸዋል። "ለቅሶ ተቀምጠናል" ይላል ከሥሩ።

"ማነው በጠዋቱ?" አሉ አያቴ፣ ከኋላዬ ጫማቸውን ለማጥለቅ እየታገሉ።

"የሥራ ነው፣ እማማ።"

የላከችውን ፎቶ አጠፋሁ። ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ማሰሪያ አሰርኩላቸው።