ያልተበጠረ ሰሊጥ

ባለፈው ሳምንት ከሱዳኗ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ጀርባ ሳልፍ፣ አዲስ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን መታው። ባለ ረክሻው፣ ባለ ባጃጁ ማለት ነው፣ ጡሩምባውን ቢያንባርቅብኝም መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ስንዱ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ስንዱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በመተማ በኩል ተሻግረው የመጡ። በአንድ አነስተኛ የዘይት ፋብሪካ የየቀኑን ሥራ የሚደለድሉት እሳቸው ነበሩ። ስንት ጆንያ ሰሊጥ ከመጋዘን ይውጣ፣ ናፍጣው እስከ መቼ ያደርሳል፣ ባዶ ጀሪካን አለ ወይ፣ ሁሉንም በመጋዘኑ የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ይጽፉታል። አጻጻፋቸው ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጀመሪያ ጀሪካኑን፣ ቀጥሎ መጭመቂያውን፣ መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ሴቶች በቀን አበጥረው የሚያደርሱትን። እናቴ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ነበረች። ሴቶቹ ካበጠሩት በላይ ማሽኑ አንዲት ፍሬ አይጎርስም።

አንድ ዓመት ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ ሊገባ ሲል ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ሙዲሩ፣ የፋብሪካው ባለቤት ማለት ነው፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ ዘይቱን ላስጭን ብሎ ቸኮለ። «ሴቶቹ ይሂዱ፤ ሰሊጡ እንዳለ ይግባ» አለና የተጻፈውን በመዳፉ ጠረገው። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እናቴ አጠገብ ቆሜ ነበር።

እትዬ ስንዱ ጠመኔ አንስተው መልሰው ጻፉት።

«ያ ሲት፣ አንቺ ሴትዮ፣ ኻላስ! አበቃ ብያለሁ!» አለ ሙዲሩ።

«ኻላስ የለም! ይህ ከመሬት የተጠረገ ሰሊጥ ነው፤ ጠጠር አለው። ማሽንህን በገዛ እጅህ ልትገድለው ነው?»

«ወረቀትሽ በእጄ መሆኑን እንዳትረሺ።»

እውነቱን ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በእሱ ዋስትና ነው፤ ፖሊስ ይዞ ድንበር ላይ ቢጥላቸው ጠያቂ አልነበራቸውም።

«ወረቀቱን ብላው! እኔ ያልተበጠረ አላስገባም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሳይሞላ የመጭመቂያው ጠመዝማዛ ብረት ጠጠር ነክሶ ተሰበረ። ምትኩ ከካርቱም እስኪመጣ ትእዛዙ ለሌላ ሄደ። ሙዲሩ ራሱ ሰፈራችን ድረስ መጥቶ ደጃቸው ላይ ቆመ። እትዬ ስንዱ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

«መጀመሪያ ሴቶቹን ጥራ። እኔ ከእነሱ ኋላ እመጣለሁ» አሉት።

ምን ያድርግ፣ ጠራቸው። እሰይ፣ ደግ አደረጉት!

እትዬ ስንዱ ኋላ በሄዱባት በከሰላ ከተማ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ እኔ እዚሁ ገዳሪፍ፣ በሌላ ፋብሪካ ሥራ እደለድላለሁ። የሚያበጥሩልኝ ሴቶች አብዛኞቹ የሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው ናቸው። አሠሪዬ በቸኮለ ቁጥር «እነሱን አሰናብቻቸው» ይለኛል። «አይሆንም» እለዋለሁ። የእኔም ወረቀት በእሱ እጅ ነውና እንዲህ ስል እፈራለሁ። ያን ቀን እሳቸውም ሳይፈሩ አልቀሩም፤ ልጅ ሆኜ አላስተዋልኩትም እንጂ።