እትዬና የኮምፓይለሩ መመሪያ

ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ መቱ ላይ የቀበርናቸው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ፊደል አልቆጠሩም። ግን መድኃኒትም ይሁን ሬዲዮ፣ አብሮት የመጣው ወረቀት ሳይነበብላቸው እጃቸውን አያሳርፉበትም ነበር።

የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፕሮግራም ቋንቋ ስትማር፣ የጻፈችውን ለኮምፒዩተሩ የሚተረጉመው፣ ኮምፓይለር የሚሉት ነገር፣ አልቀበልም እያለ አስለቀሳት።

"ይሄ ነገር ወረቀት የለውም እንዴ?" አሉ እትዬ።

"አለው አኮ፣ ኢንተርኔት ላይ። እንግሊዝኛ ነው፤ ደግሞ ማለቂያ የለውም" አለች፤ አያቷን በኦሮምኛ አኮ ነው የምትላቸው።

"አምጪና አንብቢልኝ። እኔ እንደሆነ የምሄድበት የለኝ።"

ልጅቷ ኔትወርክ ስታገኝ መመሪያውን ስልኳ ላይ አውርዳ መጣች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። እትዬ ትንሽ ሰምተው "ቆይ፣ እንዴት ማለት?" ይላሉ። እሷም ለእሳቸው ለማስረዳት ስትታገል ለራሷ ይገባታል።

"አኮ፣ ከአስተማሪያችን የባሰ እርስዎ አደረቁኝ!" ትላለች እየሳቀች።

መመሪያው ሳይጋመስ እትዬ ዐረፉ። ምናለ ጥቂት በቆዩልን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ፈተና ደርሶባት፣ ስልኳን ይዛ መጣችና "አባባ፣ ለእርስዎ ላንብብ?" አለችኝ። ደስ ብሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የቱ ጋ ማስቆም እንዳለብኝ ግን አላወቅሁም። ላነበበችው ሁሉ "እሺ ልጄ፣ እሺ" አልኩ።

ጥቂት እንደሄደች ስልኩን አጠፋችው።

"ለዛሬ ይበቃል አባባ" አለችኝ። ደክሟት እንዳልሆነ ገብቶኛል።