ያለ መኪና ወደ ኖፓ

የተያዝኩት መቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሜን ላጭቶ ምላጩን ሲያጥብ ነው። መንግሥት ሊገለብጥ አሲሯል የተባለው ሰው እንግዲህ ይኼ ባለ ግማሽ ጢም ነበር። ያስገቡኝ ክፍል አንዱ እግሩን ሲዘረጋ ሌላው ፈቃድ የሚጠየቅባት ናት። እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች።

ሁለት ሰዎች ነበሩባት፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የሚያስተምር ጎልማሳና ጋሼ የምንላቸው የኖፓ ወረዳ ንብ አርቢ ሽማግሌ። ጋሼ ሚስታቸውን ሆስፒታል አስተኝተው ዳቦ ሊገዙ እንደወጡ ነው የተያዙት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ።

አስተማሪው እንደነገረኝ፣ ሐሳብ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መባዘኑ ተፈጥሮው ነው። ሰውን የሚጎዳው አንዱን ጭንቀት ብቻ ሲዞር ነው፤ አታስብ ማለት ደግሞ ያብስበታል።

«ሌላ መንገድ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ሄደው የሚመለሱበት» አለኝ።

መንገድ ከሆነማ እኔ አለሁ። በወጣትነቴ የሚኒባስ ረዳት ነበርኩ። በሩ ሥር ቆሜ እንደ ልማዴ «ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ!» ብዬ ጠራሁ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ምን እንዳልኩ የገባኝ አስተማሪው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነው። ያን ቀን ቀልድ የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

በማግስቱ «ኖፓ፣ ኖፓ!» አልኩ። በሌለው መስኮት የጋሼን ቀፎዎች ለአስተማሪው እያሳየሁ፣ ከአንዱ ብቻ አሥር በርሜል ማር እንደሚወጣ፣ ንቦቹም ዶሮ እንደሚያህሉ አስረዳሁት።

«ይኼማ ሶባ ነው» የሚል ድምፅ ከጋቢው ሥር መጣ። «ሰው እንዲህ ይዋሻል?»

ቀና ብለው እውነተኛውን ያወሩልን ጀመር፤ ቀፎው ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል፣ በጭስ ንቡን እንዴት እንደሚያባብሉት፣ ማሩን ሲያወርዱ ባለቤታቸው ከሥር ቆማ «ቀስ በል» እንደምትላቸው። እዚህ ሲደርሱ ጋቢያቸውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ፈራሁ። ጠባቂው ዳቦ ይዞ በሩን ከፈተ።

«ወራጅ አለ» አሉ ጋሼ።

ግማሹን በሉ። ግማሹን በሁለት እጃቸው ለጠባቂው ሰጡት።

«ሆስፒታል ላለችው ባለቤቴ ይድረስልኝ።»

ጠባቂው ዳቦውን አየ፣ እኛን አየ፣ ተቀብሎ ሄደ። ያድርሰው አያድርሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከተፈታሁ ወዲህም በሚኒባስ ወደ ኡካ ስሄድ ሐሳቤ ሹልክ ብሎ እዚያች ክፍል ይገባል። አልከለክለውም። ጥቂት ተቀምጦ ሲቆይብኝ በሆዴ «ወራጅ አለ» እለዋለሁ። አንድ ቀን ድምፄ አመለጠኝና ሹፌሩ ጫካ መሀል አቆመልኝ። አፍሬ ወረድኩ። ቀጣዩን መኪና ስጠብቅ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አየሁ። ንቦቹን ቆሜ ተመለከትኩ፤ ዶሮ የሚያህል ግን አልነበረም።