የጡሩምባ ነፊው ቦርሳ

ምህረቱን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ደስ ብሎት ሰላም የሚለው ግን ጥቂት ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊ ነዋ። ሰው ሲሞት እየዞረ ይነፋል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ደብረ ብርሃን ስትሰፋበት እድሩ ብስክሌት ገዛለት። ታዲያ በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ጡሩምባ ይዞ አስፋልት ላይ መውጣት የራስን ሞት ለማስለፈፍ መቸኮል ነው። ቦርሳ ያስፈልገው ነበር።

ቦርሳ መምረጥም እንደ ሚስት መምረጥ አስቸገረው። የተማሪ የጀርባ ቦርሳ ሞከረ፤ ዳገቱን ሲወጣ ጀርባውን ያልበዋል፣ ሲወርድ ያገሩ ነፋስ ያንኑ ላብ በረዶ ያደርግበታል። በትከሻ የሚንጠለጠለውን ሞከረ፤ በየፔዳሉ ጉልበቱን ይመታዋል። ከፊት የሚታሰር ቅርጫትም አየና ተወው፤ የጡሩምባው አፍ ብቅ ብሎ መንገደኛውን ሁሉ ሊያስደነግጥ ነው። በመጨረሻ ከኋላ መጫኛው ላይ የሚታሰር፣ ዚፕ ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ ቀይ ቦርሳ አገኘ። ተመቸው። ጡሩምባው ካልታየ ሰውም አይደነግጥም ብሎ ደስ አለው።

ምስኪን! ሰው የሚፈራው ያልታየውን መሆኑን አላወቀም። ድሮ ጡሩምባ ካልያዘ ሰላም ነው፤ ቆም ብለው ስለ ገብሱም ስለ ውርጩም ያወሩታል። አሁን ቦርሳው ከብስክሌቱ አይወርድ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅ። ሽሮ ሊያስፈጭ ሲሄድ እንኳ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉ ጀመር።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ምህረቱ ግን ልቡ ደመቀች ዘንድ ነበር። ደመቀች ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እነዋሪ ከተማ የታመመ ወንድም አላት። ምህረቱም ሚስቱን ከቀበረ ሰንብቷል፣ ብቸኝነቱ አንገሽግሾታል። አንድ እሑድ ከሰዓት ጡሩምባውን እቤት ትቶ፣ ጥለቱ ያማረ ነጠላ በቦርሳው ከቶ ወደ እርሷ ነዳ።

ደመቀች ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ቀዩ ቦርሳ አጥሯ ጋ ሲቆም ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ወንድሜን!» አለች። «ወንድሜን፣ ወንድሜን!»

«ደመቀች፣ ስሚኝ እንጂ…»

ማን ይስማው? ጎረቤት የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ አይቀመጥም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ደረሱ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጥተው ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷማ «የፈሩት ይደርሳል» እያለች ማልቀስ ጀምራለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ብርሃነ መስቀልም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ምህረቱ፣ ለእኔ ሳትነግር ነው የምታረዳው? ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ሰውም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ልትለፍፍ መጣህ?»

ምህረቱ ዚፑን ከፈተና ነጠላውን አወጣ። ቀስ ብሎ ሊናገር ነበር ያሰበው፤ ዳሩ ጉሮሮው የለመደው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

«ደመቀችን ላገባ ፈልጌ ነው!» አለ፣ እስከ አስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አቶ ብርሃነ መስቀል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ምህረቱ! የሰውን ሁሉ መርዶ ብቻህን ስታደርስ ኖረህ፣ ይህንንም ብቻህን? ለእንዲህ ያለው ሽማግሌ ይላካል እንጂ ራስህ ትመጣለህ?»

ምህረቱ አፈረ። ነጠላውን አጣጥፎ ወደ ቦርሳው ሊመልሰው ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ደመቀች ከእጁ ወሰደችና እንባዋን ጠረገችበት። አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እነሱም መጥተው ተቀምጠዋል» አለች። «ይጠይቁልህ እንግዲህ።»