እናቴ «በልሳን» የተናገረች ቀን

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... እናቴ ሶዶ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታለች፣ እኔ ደግሞ ግርጌዋ ቆሜአለሁ።

ከሁምቦ ያመጣናት በዋዜማው ነው። ወባ። ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ማንንም አታውቅም። ግሉኮሱን ይሰኩላታል፣ ትነቅላለች። እንደገና ይሰኩላታል፣ እንደገና ትነቅላለች። ነርሷ በመጨረሻ «እህቴ፣ መድኃኒቱ ዛሬ ካልገባላት ያሰጋታል። እባክሽ አሳምኛት» አለችኝ።

በምን ላሳምናት? በወላይትኛ ለመንኳት፣ በአማርኛ ለመንኳት... ከግድግዳ ጋር ያወራሁ ያህል ነው። እሷ ግን ያለማቋረጥ ታወራለች። አንድም ቃል አይገባኝም።

በዚህ መሃል ከቸርች የጸሎት ቡድን መጣ። ትንሽ አዳመጧትና አንዷ እጇን አንስታ «ሃሌሉያ! እማማ በልሳን እየጸለዩ ነው!» አለች። ክፍሉ በአሜን ተናወጠ። የሌላ በሽተኛ አስታማሚዎች ሳይቀሩ ተጠጉን። አንድ ወንድም ዓይኑን ጨፍኖ መተርጎም ጀመረ... «ልጆቼ ሆይ፣ አትፍሩ ይላል ጌታ...»

እኔም አመንኩ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ የማላምነው ነገር አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ኧረ ይሄ የደሴቱ ቋንቋ ነው!» አለኝ።

እናቴ የተወለደችው አባያ ሐይቅ መሃል፣ ጊዲቾ ደሴት ላይ ነው። አፏን የፈታችው በባይሶ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው ከዓመት ዓመት እየሳሳ የሄደ ቋንቋ። አባታችንን አግብታ ሁምቦ ስትመጣ አብሯት የሚያወራው ሰው አልነበረም፣ እኛንም በወላይትኛ አሳደገችን። የእሷን ቋንቋ የምንሰማው ከደሴቱ ዘመድ በታንኳ ተሻግሮ የመጣ እንደሆነ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ከአባያ ዓሣ ወደሚያመጡት ነጋዴዎች ሮጠ። አንዷ ደሴቱ ላይ የሚኖሩትን የአጎቷን ስልክ ሰጠችው። ስንደውልላቸው ድምፁ ቢቆራረጥብን፣ ሽማግሌው ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥተው ደወሉልን። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ወደ እናቴ አስጠጋሁት።

ገና በቋንቋዋ ሰላም ሲሏት ፊቷን ወደ ስልኩ አዞረች። ከዚያ እንባዋ ወረደ፣ ብዙ አወራች።

«አባባ፣ ምን አለች?»

በወላይትኛ መለሱልኝ። «ልጄ... የማላውቃቸው ሰዎች ክንዴን በመርፌ ይወጉኛል፣ ከበውኝም ይጮሃሉ ትላለች። ልጆቼ የታሉ፣ እነዚህ ልጆቼ ቢሆኑማ ያናግሩኝ ነበር ትላለች።»

ሲተረጉም የነበረው ወንድም ዓይኑን ገለጠ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። የወለደችኝ ሴት ፊት ባዳ ሆኜ ቆሜአለሁ።

«አባባ፣ ‹እማ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ክንድሽን ስጪኝ› እንዴት ነው የሚባለው?»

እሳቸው እየቆራረጡ አሉልኝ፣ እኔም ተከትዬ አልኩ። ምላሴ ተሳሰረ። ደገምኩት። እናቴ አፈጠጠችብኝ... ደገምኩት። ቀስ ብላ ክንዷን ዘረጋችልኝ፣ ነርሷም ወዲያው ሰካችላት።

አሁን ተመስገን፣ ድናለች። ትኩሳቱ እንደወረደ በወላይትኛ «ራበኝ እኮ፣ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» ብላ ተቆጥታናለች። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ሽማግሌውን «አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሳቅ አሉ። «እኔ የታመምኩ ቀንስ ልጄ... ለማን ትደውላላችሁ?»