የእናቴ ጠገራ ብሮች በኢንተርኔት ገበያ

የአባባ በሬ ገደል ገብቶ የሞተው በግንቦት ነው። በሬ ሊሞት የሚገባው ወር የለም፤ ግንቦት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ሰኔ ደጅ ላይ ቆሞ፣ የገብሱ መሬት ሞፈር እየጠበቀ፣ የቀረው በሬ ብቻውን ሲያመነዥክ ማየት ሰውን ያሳብዳል። በአንድ በሬ አይታረስም። ከጎረቤት በሬ ጋር ማቀናጀት ይቻላል፤ ግን ጎረቤት መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ከዚያ የአማቹን ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ የዘር ጊዜ ያልፋል። ሌላው መንገድ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ዳር ላይ መቀመጥ ነው። አባባ ይህን ሲያስቡት ፊታቸው ይጠቁራል። «በቁሜ የገዛ መሬቴ ተመልካች ልሁን?» ይሉ ነበር።

በሬ ለመግዛት በጎች ሸጡ። መሐል ሜዳ ገበያ አብሬያቸው ነበርኩ። በጉን ለገዢው ከማስረከባቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ከጀርባው ላይ ትንሽ ጠጉር ነጭተው ኪሳቸው ከተቱ። ከብት ሲሸጥ ረድኤቱ አብሮ እንዳይሄድ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ይህን ሳያደርግ ገመድ አይለቅም። እኔ ከተማው ውስጥ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

የበጎቹ ብር በሬ አልሞላም። ያኔ አባባ ከጎተራው ሥር አንድ ቋጠሮ አወጡ። የእናቴ ጠገራ ብሮች ናቸው፤ አባባ ራሳቸው ለሠርጓ የሰጧት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። በሕይወት ሳለች በዓል ሲመጣ ታወጣቸውና በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ መልሳ ትቋጥራቸው ነበር። እንደ ሌሎቹ ሴቶች አንጥረኛ ጋ ወስዳ ማንጠልጠያ አላሠራችላቸውም።

«ለአንጥረኛ ልስጣቸው መሰለኝ» አሉ አባባ።

«አንጥረኛ በሚዛን ነው የሚገዛዎት» አልኩ፤ ድምፄ የክፍል ድምፄ ነበር። «ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እጥፍ ይከፍላሉ።»

«ሰብስበው ምን ያደርጉበታል?»

«ያስቀምጡታል።»

«እኛም አስቀምጠነዋል እኮ» አሉ አባባ።

ጠገራዎቹን ባና ላይ ደርድሬ በሩ ላይ ፎቶ አነሳኋቸው። ጥቁሩ የበግ ጠጉር ላይ ሲታዩ በእውነት ያምሩ ነበር። ከዚያ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና የገበያውን ደንብ ከስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን ለመጥራትም ሳያስከፍል አይቀርም።

«ዕቃው ሲመዘገብ ይከፈላል።»

«ሳይሸጥ?»

«ሳይሸጥ።»

አባባ ትንሽ አሰቡ። «ቀረጥ ነው በለው። ገበያ በር ላይም ይከፈላል። እሺ።»

«ከፊት ገጽ እንዲታይ ከተፈለገ ደግሞ ሌላ ይከፈላል።»

«ካልተከፈለስ?»

«ከኋላ ይሆናል፤ ማንም አያየውም።»

«ታዲያ ቀረጡን የከፈልኩት ተደብቄ ልቆም ነው?»

ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሲሸጥ ከዋጋው ላይ ኮሚሽን ይቆረጣል። ይህን አባባ ወዲያው ተረዱት፤ ደላላው ነው። ግን ደላላ ይጮኻል፣ ይምላል፣ የሻጭንና የገዢን እጅ ይዞ በግድ ያጨባብጣል። «ይኸኛው ምን ያደርጋል?» አሉ። ዝም ብሎ እንደሚቆርጥ ነገርኳቸው። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ የአገልግሎት ክፍያ መጣ፤ ከአገልግሎቱ ቀጥሎ የክፍያ ማስተናገጃ ክፍያ መጣ። የመጨረሻው ብር ለመቀበል የሚከፈል ብር መሆኑ ነው። ለአባባ ማስረዳት ሲያቅተኝ ለእኔም እንዳልገባኝ ታወቀኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ፤ ያው ቆራጭ ስሙን እየለወጠ ይመለሳል።

«አንድ በግ ለመሸጥ» አሉ አባባ፣ «ስንት ሰው ነው ጭራ የሚይዘው?»

ገንዘቡን መቀበያው መንገድ ደግሞ በምርጫ ነው፤ ምርጫ ሲባል ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ዓይነት። ብሩ በገበያው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ ካልን ያለ ተቀናሽ ይቀመጣል፤ ግን ዕቃ የሚገዛበት እዚያው ገበያ ውስጥ ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ በሬ አይሸጥም። በስልክ ይላክልን ካልን ቶሎ ይደርሳል፤ ለቶሎነቱ ይቆረጣል። በባንክ ካልን ተቀናሹ ያንሳል፤ ግን ገዢው ዕቃውን አይቶ «ወድጄዋለሁ» እስኪል ብሩን ገበያው ይይዘዋል።

«ገዢው ቢክድስ? ዋስ አለው?»

«ገበያው ራሱ ዋስ ነው።»

«ቢጣሉስ ማን ይዳኛል?»

«ገበያው።»

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ደላላውም ዋሱም ዳኛውም አንድ ሰው ከሆነማ እኛ ለምን እንደክማለን» አሉ። ቢሆንም እምቢ አላሉኝም። እኔን ያስተማሩኝ በግ እየሸጡ ነው፤ ያስተማሩትን ልጅ አለማመን ለእሳቸው በጎቹን ማዋረድ ነበር። በባንክ ይሁን ተባባልን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ጻፈልኝ። ጨዋ ሰው ነው። ያቀረበው ዋጋ የበሬውን ጉድለት ሞልቶ ይተርፋል። ማንጠልጠያ የሌላቸው፣ ያልተበሱ ጠገራዎች ማግኘት ብርቅ መሆኑን ነገረኝና አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ እባክህ እንዳይታጠቡ፣ እንዳይፈተጉ፣ ጥቁረታቸውም ዋጋ ነው። ይህን ለአባባ ነገርኩ።

«አላጥባቸውም» አሉ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ አላጠቧቸውም።

በማግስቱ ጠገራዎቹን በአዲስ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው ቋጥረው ሰጡኝ። ቋጠሮውን ሳልፈታ አሽጌ በደብረ ብርሃን በኩል ላክሁት። የመላኪያውን ከፈልኩ፣ የኢንሹራንሱን ከፈልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዲጂታል ገበያ አወራሁላቸው፤ ገበሬና ሰብሳቢ ያለ ደላላ ሲገናኙ አልኩ። እንደዚያ ስናገር ሰኔ ገብቶ ነበር።

ከዚያ የሰውየው መልእክት መጣ። ፎቶ አለበት። የእያንዳንዱ ጠገራ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ በሞረድ ተፍቋል፤ የተፋቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ያበራል። «ወንድሜ፣ ይህ ምንድን ነው?» ይላል። መልሶ ልኳቸዋል። ዳኛው ገበያም ፈረደ፤ የመመለሻውን ሻጭ ይክፈል፣ የምዝገባው አይመለስም፣ ለፍርዱም የተመላሽ አገልግሎት የሚባል ይቆረጣል።

መጀመሪያ ጥቅሉን የጫነውን ሾፌር ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ዕቃ አድራሹን፣ በመጨረሻም ሰብሳቢውን ራሱን። ጥቅሉ እንደተመለሰልኝ ይዤው በዘመሮ በኩል ወደ አባባ ቤት ወጣሁ። ሞፈር ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው፤ ሁለተኛ በሬ እንዳለው ሰው።

«አባባ፣ ጠርዛቸውን የነካ ሰው አለ።»

«እኔ ነኛ» አሉ።

«ለምን?»

ቀና ብለው አዩኝ። ትምህርት እንዳልገባው ልጅ ነበር ያዩኝ። «ረድኤቱን ማስቀረቴ ነዋ! ጠገራ ጠጉር የለው፣ ምን ልንጭለት?»

ተነሥተው ከጎተራው ሥር ትንሽ ጨርቅ አመጡና ፈቱት። ከዚያ ሁሉ በግ የተነጨው ጠጉር አለ፤ በጠጉሩ መካከል የብር ፍቅፋቂ ያብለጨልጫል። ተናደድኩ፤ በጣም ተናደድኩ። በዚያች ቁንጣሪ ፍቅፋቂ ምክንያት ግማሽ በሬ ማጣታችንን፣ ሰብሳቢው አሁን ልግዛ ቢል እንኳ በሚሰጠው ዋጋ ላይ ያ ሁሉ ቆራጭ ሲቆርጥበት ከአንጥረኛው ሚዛን በታች እንደሚሆን ነገርኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል የኖረውን እኔ በበሬ አየሁት አልኩ።

አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እናትህ በእጇ የነካችውን ሁሉ ጠራርጌ ለማላውቀው ሰው ልስጥ?» አሉ። «ሸጥኩ እኮ። አልሸጥም አላልኩህም። ትንሽ ይቅርልኝ ነው ያልኩት።»

ጨርቁን መልሰው ሲቋጥሩ ትቻቸው ወደ ውጭ ወጣሁ። ያ ብቸኛ በሬ በረቱ ደጃፍ ቆሞ ያየኛል።

ጠገራዎቹ ወደ ጎተራው ሥር ተመለሱ፤ ለበሬው ጉድለት ስልኬን ለባልደረባዬ ለፊዚክሱ መምህር ሸጥኩት። ከገዛሁት ጀምሮ ዐይኑን ጥሎበት ነበር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብሩን ሰጠኝ፣ ስልኩን ሰጠሁት፤ በቃ። ምዝገባ የለ፣ ዋስ የለ። ዞር ሊል ሲል ግን እጄ ቀደመኝና የስልኩን ሽፋን ላጥኩት። አሮጌ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ላስቲክ ነው።

«ሽፋኑስ?» አለኝ።

«እሱ ይቅር» አልኩና ኪሴ ከተትኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው ነኝ።

በገበያ ቀን ከአባባ ጋር ወረድን። ከራቤል በኩል የመጣ ጎልማሳ አንድ ቀይ በሬ ይዞ ቆሟል። ልጁ ታሞበት ነው የሚሸጠው፤ ስለ ዋጋ ሲናገር እንኳ እጁ ከበሬው አንገት አልተነሣም። ደላላው እንደ ወጉ ጮኸ፣ ማለ፣ እጃችንን አጋጨ፤ ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ። ሰውየው ብሩን ተቀብሎ ገመዱን ሊሰጠን እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ጎንበስ ብሎ ከበሬው ጀርባ ጠጉር ነጨና በጋቢው ጫፍ መቋጠር ጀመረ። ቋጠሮው አልያዝ አለው።

የዘር ቀኑ እያለቀብን ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። አባባ ግን ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ከሻኛውም ላይ ውሰድ እንጂ» አሉት። «ስንት ዘመን አብሮህ አርሷል።»