ካይሮን ከእንጦጦ ላይ ስንሰማ

ትናንት ጉርድ ሾላ ማኪያቶ ልጠጣ ከገባሁበት ቤት ቴሌቪዥኑ የቀይ ባሕርንና የኃያላኑን ወሬ ያንበለብላል። አጠገቤ ያሉት ወጣቶች አንዱ ለአንዱ አገር፣ ሌላው ለሌላው ጥብቅና ቆመው ይነታረካሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?" አለኝ አንደኛው። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ መቀመጫ አጣለሁ፤ ከማል ትዝ ይለኛል።

ከማል የካራ ሰፈሩ ባለሱቅ የጋሽ ሸሪፍ ልጅ ነው፤ አብሮ አደጌ ነበር። በመድረሳ አረብኛ ተምሯል። ያኔ በጃንሆይ ዘመን የካይሮው ራዲዮ ስለ አረቦች አንድነት፣ እንግሊዝና ፈረንሣይን ጠራርጎ ስለማስወጣት ቀን ከሌት ይለፍፍ ነበር። እኛ ዘንድ ይህን ሲሰማ የተገኘ ሙስሊም ሰላይ ተብሎ ዘብጥያ ሊወርድ ይችላል። ጋሽ ሸሪፍም "ይህን ጣቢያ በቤቴ ከከፈትክ ልጄ አይደለህም" ብለውታል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ባለባትሪዋን ራዲዮ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ እናቱ በኮባ የጠቀለሉልንን ቆጮ ይዘን ጋራ ጋራውን ወደ እንጦጦ እንወጣለን። እዚያ ድምፁ ጥርት ይላል።

እኔ የምሄደው ለፖለቲካው አልነበረም። ከማል ካይሮ ለመሄድ ቆርጧል፤ እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነው የምከተለው።

አንድ የጥቅምት እሑድ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንሰማ የደን ዘበኛው ደረሰብን። አረብኛውን ሲሰማ የከማልን ኮሌታ ጨምድዶ "ሰላይ! ወደ ጣቢያ!" አለ። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ አባ ወልዴ፣ ጩኸቱን ሰምተው መጡ።

"ልቀቀው።"

"አባ፣ የግብጽን ወሬ ሲሰማ ነው የያዝኩት!"

"እኔን ያቀሰሱኝ ጳጳስ ግብጻዊ ነበሩ፤ አፍ የፈቱትም በአረብኛ ነው። በል እንግዲያው እኔንም ውሰደኛ!"

ዘበኛው ቄስ እየነዳ ከተማ መውረዱ ታየው መሰለኝ፤ እያጉረመረመ ሄደ። ሳቄ መጣ። አባ ግን አልሳቁም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ራዲዮዋ ጠቆሙ።

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ተነሡ ይላል፣ አባ" አለ ከማል።

"ማንን?"

"አረቦችን።"

"አንተ አረብ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ አንተን ምን አስነሣህ?"

ከማል፣ "እዚህ ሁሉም ሰው አርፈህ ተቀመጥ ነው የሚለኝ፤ ተነሣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አላቸው። አባ ወልዴ ከድንጋዩ ተነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በጋው ሳያልቅ ከማል በሱዳን በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። ኋላ አረቦቹ በጦርነት ተሸነፉ፤ የዚያም ራዲዮ ፉከራ በረደ፤ የከማል ወሬ ግን እስከ ዛሬ የለም። ጋሽ ሸሪፍ እስኪሞቱ ድረስ፣ ያንኑ የከለከሉትን ጣቢያ ሱቃቸው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ማንም ምነው ብሎ አልጠየቃቸውም።

ለዚያ ወጣት ሳልመልስለት መውጣቴ ሲያብከነክነኝ አድሮ ዛሬ ወደ ማኪያቶ ቤቱ ተመለስኩ፤ አጣሁት። ባገኘው ኖሮ የማን ወገን እንደሆንኩ ሳይሆን ይህን እነግረው ነበር፦ ባዕድ መንግሥት ልጅ ሲወስድብን ሁልጊዜ በጉልበት አይደለም። እኛ ያልጠራነውን ልጅ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል።